ጋሽ አትርገጡ

ሰውየው እናታቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው፤ ግን ያንን ስም ከመታወቂያቸው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው ጋሽ አትርገጡ ብሎ ነው። ስሙንም ሌላ ሰው አላወጣላቸውም፤ ራሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እየጮኹ ያወጡት ነው። የከተማው የሕዝብ ኳስ ሜዳ ሣር አጫጅም፣ ውሃ አጠጪም፣ ዘበኛም እሳቸው ነበሩ። ሰው አውቶቡስ እንዳያመልጠው በሜዳው ጥግ ሊያቋርጥ ሲል "አትርገጡ!" ነው። ውሻ ሲገባም ያው በአክብሮት "አትርገጡ!" ነው። አንድ ጊዜ ከንቲባው ራሳቸው ንግግር ሊያደርጉ መጥተው፣ በሚያብለጨልጭ ጫማቸው ወደ መሐል ሲያመሩ ከኋላቸው "አትርገጡ!" የሚል ድምፅ ሰምተው አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ደርቀው ቀሩ፤ ንግግሩም ከመስመር ውጭ ተደረገ ይባላል። ይህንን የሚያወሩት እሳቸው አይደሉም፤ ሲወራ ግን አያስተባብሉም።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አትርገጡ በር ላይ ቁጭ ብለው ቦቲ ጫማቸውን በብሩሽ ሲፈትጉ ባለቤታቸው ከውስጥ ሆነው ያዩዋቸዋል። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

"ምነው፣ ሣሩ ዛሬ ሊዳር ነው እንዴ?"

"የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው።"

"ልጆቹ ይሸነፋሉ ብለህ ሰግተህ ነው?"

"ለልጆቹ አሰልጣኛቸው ትስጋ። እኔ የሰጋሁት የትናንቱ ዝናብ አፈሩን አላልቶት ሣሩ እንዳይነቀልብኝ ነው።"

"እኔን ያገባኸኝ እኮ ጓሮ ስላልነበረኝ ነው" አሉ ባለቤታቸው ሻዩን እያቀበሏቸው። "ጓሮ ቢኖረኝ ኖሮ እኔን ትተህ እሱን ታገባ ነበር።"

በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር ውስጥ ይህችን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰሟት አይታወቅም። ዛሬም ሳቁ፤ ሻያቸውን ጠጥተው ወደ ሜዳቸው ሄዱ።

ኖራ የተሞላችውን ጋሪ እየገፉ የቅጣት ክልሉን መስመር በማስመር ላይ ሳሉ የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ መጣች። ወጣት ሴት ናት፤ ክላሰር ከብብቷ አይለይም።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?"

"ደህና ነኝ። በዚያ በኩል ዙሪ ልጄ፣ ኖራው አልደረቀም።"

ባለሙያዋ ለምዳዋለችና ሳትቀየም ዞራ መጣች። መጥታም ክላሰሩን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረች።

"የልጆቹ ክለብ ከከተማው ጋር ስላለው የሜዳ ውል ልንገርዎት ብዬ ነው ቀደም ብዬ የመጣሁት" አለች በመጨረሻ። "ልጆቹ ዛሬ ከተሸነፉ ከሊጉ ይወርዳሉ። አቻ ከወጡ ይተርፋሉ።"

"እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል።"

"ውሉ ደግሞ የሚጸናው በሊጉ ውስጥ ላለ ክለብ ነው። ከወረዱ ሜዳውን የመጠበቁም የመጫወቱም መብት ያበቃል፤ ሜዳው ወደ ከተማው ይመለሳል።"

"ይመለሳ! ልጆቹ አንድ ዓመት ታች ተጫውተው እስኪመጡ እኔ እጠብቀዋለሁ። ድሮስ ማን ነበር የሚጠብቀው?"

"ለእርስዎ አይደለም የሚመለሰው ጋሼ" አለች ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የፕላስቲክ ሣር አንጥፎ በሰዓት ሊያከራየው የጠየቀ ድርጅት አለ። ምክር ቤቱ የዛሬውን ውጤት ነው የሚጠብቀው። እኔን ራሴን ያንገበግበኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ 'የሜዳው ሁኔታ' በሚለው ላይ 'እጅግ በጣም ጥሩ' እያልኩ የጻፍኩት ለዚህ ሜዳ ብቻ ነው። ግን ሜዳ ብቻውን ክለብ አይሆንም።"

ጋሽ አትርገጡ ጋሪዋን አቆሙ። ፕላስቲክ ሣር አንድ ቦታ አይተዋል። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሲዳስሱት የመኪና ጎማ ጎማ ሸተታቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያስቡት ይዘገንናቸዋል። ጋሪዋን እንደገና ገፍተው መስመሩን ቀጠሉ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን መስመሩ ትንሽ ተወላገደባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከተማው ብዙ ሜዳና ጥቂት ሣር አጫጅ ነበረው። አጫጆቹ አንድ በአንድ ጡረታ ሲወጡ የሚተካ ጠፍቶ፣ ሜዳዎቹ አንዳንዱ አቧራ፣ አንዳንዱ ረግረግ ሆኖ ነበር። የጋሽ አትርገጡ ሜዳ እንኳ አንድ ሰው አልችለው ብሎ በየቦታው ተመልጦ ነበር። ከተማው መላ ዘየደ፦ የሰፈር የታዳጊ ክለቦች ሜዳዎቹን ይንከባከቡ፤ በምትኩ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ይጫወቱባቸው። ወሬው ጋሽ አትርገጡ ጆሮ ሲደርስ አበዱ። "ኳስ ተጫዋች ሣር ይጠብቅ? ለጅብ ሥጋ አደራ!" ብለው ሦስት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገሩም።

የደረሳቸው ክለብ የሴት ልጆች ነበር። ያኔ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ሠላሳ ስድስት ልጆች፣ ኳስ ታቅፈው እየተሳሳቁ መጡ። አሰልጣኛቸው በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ የምትደርስበት ቀን ይበዛል። ጋሽ አትርገጡ በር ላይ ቆመው ኳሶቹን በሙሉ ተቀበሏቸውና መሣሪያ ቤት ቆለፉባቸው።

"ሁለት ሳምንት ኳስ አይታይም" አሉ። "መጀመሪያ የምትረግጡት ምን እንደሆነ እወቁ።"

ልጆቹ አሰልጣኟን አዩ። አሰልጣኟም ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ካየች በኋላ "የሚሏችሁን አድርጉ" አለቻቸው። ነርስ ናትና ቁስል የሚያጥብ እጅ ቢያምም እንደሚያድን ታውቃለች።

ጋሽ አትርገጡ ሜዳውን በገመድና በካስማ ሠላሳ ስድስት ቦታ ከፋፍለው ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ አንድ ድርሻ ሰጡ። መሐል ሜዳ ያለችውን ክብ ብቻ ለራሳቸው አስቀሩ። ልጆቹ ድርሻቸውን "ጓሮ" አሉት። ከዚያማ ምኑ ቅጡ! አረም ከሥሩ እንዴት እንደሚነቀል፣ ውሃ ለምን በጠዋት እንደሚጠጣ፣ ሣር ሲታጨድ ለምን ከቁመቱ ሲሶ በላይ እንደማይነካ፣ የተነቀለ ሣር ከነአፈሩ ተመልሶ በመዳፍ እንጂ በእግር እንደማይጠቀጠቅ አስተማሯቸው። ልጆቹም ሰሙ። ሰሙ ብቻ አይደለም፣ ባሱ። አሁን አሥራ አምስት ዓመት የሆናት፣ ከቅጥነቷ የተነሣ ሰበዝ የሚሏት ተከላካይ፣ ከፀጉሯ ላይ ማስያዣ እየነቀለች ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ ጥቃቅኑን አረም በሱ ትለቅም ነበር። ግንቧ የምትባለዋ በረኛ በዕጣ የደረሳት ጎል አፍ ነው። ጎል አፍ በዓለም ላይ ሣር በቅሎበት አያውቅም፤ ግንቧ ግን ሰባት ጊዜ ዘርታ በስምንተኛው አበቀለች። ቁንጫ የምትባለዋ አማካይ ደግሞ ትምህርት ቤት ፈተና ወድቃ ሳታለቅስ፣ ጓሮዋን ፍልፈል ሲቆፍርባት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ጋሽ አትርገጡ ይህን ሁሉ እያዩ ልባቸው እየቀለጠ ሄደ። ማታ ቤታቸው ገብተው "ዛሬ እኮ ሰበዝ እንዲህ አደረገች፣ ግንቧ እንዲህ አለች" ማለት አበዙ። "ጎሽ" አሉ ባለቤታቸው፣ "ከሣር ወደ ሰው ስትሸጋገር በዓይኔ አየሁ።"

ሜዳው እንግዲህ አማረ። አንድ ነገር ብቻ ማንም ሊገባው አልቻለም። ልጆቹ ከሜዳቸው ውጭ ሲጫወቱ አንበሳ ናቸው፤ የማይጥሉት ሰው፣ የማያስጥሉት ኳስ የለም። ቤታቸው ሲመጡ ግን ድመት ይሆናሉ። የሌላው ዓለም ቡድን በሜዳው ሲበረታ እነሱ በሜዳቸው ይሰንፋሉ። አሰልጣኟ ሰው ሲያያቸው ይፈራሉ አለች። አንዳንድ እናቶች የሰማያዊው ማሊያቸው ገደ ቢስነት ነው አሉ። የጋሽ አትርገጡ ባለቤት "ከመጠን በላይ ተሞግሰው ነው" አሉ። ጋሽ አትርገጡ ራሳቸው ምንም አላሉም፤ ጉዳያቸውም አልነበረም። ጨዋታ ሲያልቅ ሜዳውን ዞረው አይተው አንድ እፍኝ ሣር እንኳ አለመነቀሉን ሲያረጋግጡ "ማዳበሪያዬ!" ብለው በራሳቸው እየተኩራሩ ነበር ወደ ቤት የሚገቡት።

ዛሬ ግን በኩራት ቦታ ጭንቀት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰዉ በአጥሩ ዙሪያ ሞላ። ባለቤታቸው ጥላቸውን ይዘው መጡ። ባለሙያዋ ክላሰሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ባለቢጫ ማሊያዎቹ እንግዶች ከአውቶቡሳቸው ሲወርዱ ሜዳውን አይተው "ወይኔ፣ ምንጣፍ!" ሲሉ ተሰሙ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ጋሽ አትርገጡ በሕይወታቸው ኳስ አይተው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይደለም። ጨዋታ ሲኖር የሚያዩት እግር ነው፤ የትኛው ታኬታ የት እንዳረፈ፣ የትኛው ተረከዝ እንደቆፈረ። ኳሷ ወዴት እንደሄደች የሚያውቁት ከሰው ጩኸት ነው። አሰልጣኟና ሕዝቡ ኳሷን ስለሚያዩ ለሦስት ዓመት ያላዩትን ነገር፣ በዚያ ቀን ያዩት እሳቸው ብቻ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። እስከዚያ ቀን እሳቸውም የሚፈልጉት የተረገጠውን እንጂ ያልተረገጠውን ሣር አልነበረም።

ሃያኛው ደቂቃ ላይ የእንግዶቹ ዘጠኝ ቁጥር፣ ቁመቷ የትየለሌ የሆነች አጥቂ፣ ኳሷን እየገፋች በቀኝ በኩል ወረደች። ሰበዝ ጎን ለጎን ተከትላታለች፤ አትበልጣትም፣ አታንስባትም። የቅጣት ክልሉ ጠርዝ ደረሱ። አንዲት ሸርተቴ ብቻ ናት የምትቀረው፤ ሰበዝ ብትንሸራተት ኳሷ ከሜዳ ትወጣለች። ሰበዝም ጉልበቷን አጠፈች። ከዚያ ጋሽ አትርገጡ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ልጅቱ ሁለት እግሮቿን ሰብስባ እንደ ሚዳቋ ዘለለችና ወዲያ ማዶ በጣቶቿ ጫፍ አረፈች። የዘለለችው የራሷን ጓሮ ነው። አጥቂዋ ብቻዋን ወደ ጎል ገባች። ግንቧ ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ መስመሩ ላይ ቆማለች፤ ወደፊት አትወጣም። ፊት ለፊቷ ያለው አዲስ የበቀለው ሣር ነው። ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች።

ሕዝቡ "ኧረ ውጪ! ኧረ አስጥዪ!" እያለ ሲጮህ ጋሽ አትርገጡ የልጆቹን እግር መከተል ያዙ። ዓይናቸው ከእግር ወደ እግር ይሄዳል። ቁንጫ የራሷን ጓሮ ልትረግጥ ሲሆን ዞራ ትሄዳለች። አምበሏ የማዕዘን ምት ስትመታ ሣሩ እንዳይቆፈር አንድ እርምጃ ብቻ ተንደርድራ ስለምትመታ ኳሷ የትም አትደርስም። አሥራ አንድ ልጆች የሰው ቤት ምንጣፍ ላይ እንደ ገባ እንግዳ ጫማቸውን እየሰበሰቡ ይጫወታሉ። ከጨዋታ በኋላ አንድ እፍኝ ሣር የማይነቀለው ለካ በማዳበሪያ አልነበረም!

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ አትርገጡ፣ ከጎናቸው ማንም ሳይጠይቃቸው። ቀልባቸው ተገፈፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእሳቸው ደረሰ፤ ሣሩን እናድን ብለው ሜዳውን ሊያጡ ነው፤ ከሜዳውም ጋር ልጆቹን።

ለእረፍት ሲወጡ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው መስመሩ ዳር ተቀመጡ። አሰልጣኟ ውሃ እያደለች "ምን ሆናችሁ? ንገሩኝ፣ ምን ሆናችሁ?" ትላለች። ጋሽ አትርገጡ ሄደው ሰበዝ ፊት ቁጢጥ አሉ።

"ለምን ዘለልሽ ልጄ?"

ሰበዝ ጣቷን በጣቷ ታሻለች።

"አልቆጣሽም። ንገሪኝ።"

"ጓሮዬ ነው ጋሼ" አለች። "እግሬ እምቢ አለኝ። እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚህ ሌላ ተክዬ የበቀለልኝ ነገር የለም።"

አሰልጣኟ የውሃውን ጠርሙስ እንደያዘች ቀረች። "ሁላችሁም?" አለች። "ሁላችሁም እንደዚህ ናችሁ?" ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቁንጫ ቀስ ብላ እጇን አወጣች፣ ግንቧ አወጣች፣ ከዚያ ሁሉም።

ጋሽ አትርገጡ ተነሡ። ስለ ፕላስቲኩ ነገሯቸው፤ ሳያስጌጡ፣ ባለሙያዋ እንደነገረቻቸው። ግን ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃሉ። በቃል ያስተማሩትን ቢሆን ኖሮ በቃል ይነቅሉት ነበር፤ ያስተማሯቸው ግን በእጃቸው፣ በጉልበታቸው፣ በየቀኑ ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁና ለአሰልጣኟ ሰጧት። ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ክቧ ሄዱ። ያቺ ክብ የሃያ ሁለት ዓመት እንክብካቤያቸው ናት፤ ባለሙያዋ ለጎብኚ የምታሳያት፣ ከሁሉም ይልቅ የምታምረው እሷ ናት። ወደ ኋላ አሥር እርምጃ ቆጥረው ተመለሱ።

"ምን ሊያደርግ ነው?" አሉ ባለቤታቸው ከአጥሩ ዳር።

ጋሽ አትርገጡ ሮጡ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሩጫ ምን ዓይነት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የክቧ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ግራ እግራቸውን ወደፊት ሰደው ተንሸራተቱ። ቦቲው መጀመሪያ ገባ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው፣ ቀጥሎም መቀመጫቸው። የሰው ቁመት የሚያህል ሣር ከነአፈሩ ተልጦ ተገለበጠ።

"አንተ ሰውዬ! አበድክ እንዴ? ጉልበትህን!" ብለው ባለቤታቸው ጮኹ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ብርቱካኑን አፉ ውስጥ እንደጨመረ ማኘኩን ተወ። ጋሽ አትርገጡ ግን በአራት እግራቸው ተነሥተው፣ አንድ ጓል ሣር ከነአፈሩ ይዘው እያነከሱ ወደ ልጆቹ ሲመጡ፣ ሳቁ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

"ይኼ የኔ ጓሮ ነው" አሉ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "እዩት። ሥሩ ያውና። ሥር ካለው ይመለሳል። እኔ ሣር እንዴት እንደሚያድግ አስተማርኳችሁ፤ ለምን እንደሚያድግ ግን አልነገርኳችሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሣር የሚበቅለው ስትወድቁ እንዳያማችሁ ነው። እንድትወድቁበት ነው ያበቀላችሁት! በሰው ሜዳ ላይ ስትወድቁ ትውላላችሁ፤ በራሳችሁ ላይ ለመውደቅ ማን ከለከላችሁ?" ራሳቸው መለሱት። "እኔ ከለከልኳችሁ። በቃ፣ ዛሬ ክልከላውን አንሥቻለሁ።"

ፊሽካ ተነፋ። ልጆቹ ገቡ።

መጀመሪያ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። እግር በአንድ ቀን አይማርም። ከዚያ አንድ ረጅም ኳስ ወደ ጎሉ መጣ፤ ባለ ዘጠኝ ቁጥሯ እየተንደረደረች ነው። ግንቧ መስመሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ሣሯ፣ አየች። ፊቷን አጨማደደችና ወጣች። ባዶ እግሩን እሾህ ላይ እንደሚሄድ ሰው ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ሦስተኛው ላይ ግን ተወረወረች። ኳሷን በቡጢ መታ መስመር አሻገረቻት። ተነሥታ የራሷ ታኬታ የቆፈረውን ስታይ ልትመልሰው ጎንበስ አለች።

"ርገጪ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ አትርገጡ ናቸው፤ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። "ርገጪ ልጄ! ነገ እንዘራለን!"

ሰፈሩ ሃያ ሁለት ዓመት የሰማው ድምፅ ያንን ቃል ሲያወጣ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው! የሰው ሜዳዎቹ አንበሶች በቤታቸው ታዩ። አንዷ ተንሸራትታ ታስጥላለች፣ አንዷ ተረከዟን ተክላ ትዞራለች። አምበሏ የማዕዘን ምቱን አምስት እርምጃ ተንደርድራ መታችው፤ ኳሷ ጎሉ ፊት ወረደች፤ ቁንጫ ከሰው እግር መሐል በሆዷ ተንሸራትታ፣ በምኗ እንደነካችው ሳይታወቅ፣ መረብ ውስጥ ከተተቻት። አንድ ለአንድ። የጋሽ አትርገጡ ባለቤት ጥላቸውን ወረወሩት፤ ተመልሶ የወደቀው ባለሙያዋ ላይ ነው።

እንግዶቹም ልጆች አይደሉም እንዴ፣ ወኔ አላቸው። በመጨረሻው ደቂቃ ባለ ዘጠኝ ቁጥሯ ኳሷን ተቀብላ እንደገና በቀኝ በኩል ወረደች። ሰበዝ ጎን ለጎኗ ናት። ያው ጠርዝ፣ ያው ጓሮ። ግንቧ ከሌላ ተጫዋች ጋር ተጋጭታ ወድቃለች፤ ጎሉ ባዶ ነው። ጋሽ አትርገጡ የሚያዩት የሰበዝን እግር ብቻ ነው። ያችን ቁራጭ መሬት ያውቋታል፤ እያንዳንዷ ቅጠል በፀጉር ማስያዣ የተለቀመች ናት። ልጅቱ ጉልበቷን አጠፈች። ዓይኖቿን ጨፍና፣ ሙሉ ቁመቷን ዘርግታ ገባች። ሣሩ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ፤ አፈሩ ተበተነ። ኳሷ ከአጥቂዋ እግር ተፈልቅቃ አጥሩን ዘልላ ወጣች።

ፊሽካ። አንድ ለአንድ። ልጆቹ በሊጉ ቀሩ፤ ሜዳውም በእጃቸው ቀረ።

ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ሊገባ ሲል ሰበዝ ካለችበት አልተነሣችም። ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ የተቀደደውን ሣር እየሰበሰበች ወደ ቦታው ትመልሳለች፤ በመዳፏ ትጠቀጥቃለች። ቁንጫ አየቻትና ጭፈራውን ትታ ወደ ራሷ ጓሮ ሮጠች። ግንቧ ጎል አፍ ላይ ተደፋች። አንድ በአንድ ሁሉም፣ ተቀያሪ የነበሩት ሳይቀሩ፣ በየጓሯቸው ተንበረከኩ። የእንግዶቹ አሰልጣኝ "ጸሎት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ከጎኑ የቆመው የመስመር ዳኛ እሱም አያውቅምና ትከሻውን ሰበቀ።

ባለ ዘጠኝ ቁጥሯ አጥቂ ወደ አውቶቡሱ እየሄደች ሳለ ቆም ብላ አየቻቸው። ታኬታዋን አነሣች፤ ከሥሩ የሙጥኝ ያለ አንድ ቁራጭ ሣር አለ። በጥንቃቄ ፈልቅቃ በሁለት እጇ ያዘችውና ተመልሳ መጣች።

"ይኼ የማን ነው?" አለች።

"የኔ" አለች ሰበዝ። "እዚህ ጋ ነው የሚገባው።" ቦታውን አሳየቻት። ረጅሟ ልጅ ተንበርክካ ራሷ ገጠመችው፤ በምን እንደሚጠቀጠቅ ስትጠይቃት ሰበዝ መዳፏን ዘርግታ አሳየቻት። ሌሎቹ እንግዶችም እየተመለሱ ታኬታቸውን ይፈትሹ ጀመር።

ጋሽ አትርገጡ ያበጠ ጉልበታቸውን ይዘው አጥሩ ዳር ቆመው ይህን ያያሉ። እሳቸው አላዘዙም፤ ማንም አላዘዘም። ዕንባቸው መጣ፤ አላፈሩበትም፤ ባለቤታቸውም ለአንድ ጊዜ ያህል ምንም ሳይቀልዱ ክንዳቸውን ያዙላቸው። ባለሙያዋ ክላሰሯን ከፍታ አጠገባቸው መጣች። እስክሪብቶዋ "የሜዳው ሁኔታ" የሚለው ላይ ቆሟል።

"እንዴት ልጻፈው ጋሼ?" አለች። "እውነቱን ካልኩ የታረሰ ነው የሚመስለው። ሦስት ዓመት ሙሉ እጅግ በጣም ጥሩ እያልኩ ቆይቼ ዛሬ..."

"ተጎድቷል በዪ" አሉ ጋሽ አትርገጡ። "በትልቁ ጻፊው።"

"ተ-ጎ-ድ-ቷ-ል" እያለች ጻፈች። ቀና ብላ አየቻቸው። "ሌላ የምጨምረው አለ?"

ጋሽ አትርገጡ ወደ ሜዳው አዩ። ሰማያዊና ቢጫ ማሊያ ተቀላቅሎ፣ የተጎነበሰ ጀርባ ሜዳውን ሞልቶታል።

"ከሥሩ ጨምሪ" አሉ። "ልጆቹ እየጠገኑት ነው።"

ጻፈችው።